ዘውዳቸውን ለሰላም የለቀቁት የጎርጎራው ንጉሥ

ባሕር ዳር፦ የፋሲል ግንብ ሳይቆም፣ ጎንደርም የነገሥታት መናገሻ ሳትባል፣ የኢትዮጵያ ዙፋን የተዘረጋው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ነበር። ዛሬ መርከብና ጀልባ የሚጠጉባት፣ ከጎንደር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጎርጎራ ያኔ የንጉሥ ከተማ ነበረች። ነጋሪት ተጎስሞባታል፣ አዋጅ ተነግሮባታል፣ ከሩቅ ሀገር የመጡ እንግዶች ደጅ ጠንተውባታል። በዳርቻዋ ላይ በድንጋይ የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል ይመለከት ነበር። ያን ቤት ያሠሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው።

ዐፄ ሱስንዮስ በታሪክ ሲነሡ ብዙ ጊዜ ስማቸው ከሃይማኖት ለውጥና ከእርስ በርስ ጦርነት ጋር ይጣመራል። ነገር ግን ሕይወታቸው ከዚያም ይሰፋል። በልጅነታቸው የተማረኩ፣ በጉብዝናቸው በየበረሃው የተንከራተቱ፣ በጦር ሜዳ ዘውድ የጫኑ፣ በጣና ዳር የግንባታ ጥበብን ያስጀመሩ፣ በመጨረሻም የወገናቸው ደም ሲፈስስ አይተው ዙፋናቸውን ለልጃቸው የለቀቁ ንጉሥ ናቸው። ጎርጎራን ለማወቅ እርሳቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። እርሳቸውንም ለማወቅ ጎርጎራን መመልከት ይገባል።

ሱስንዮስ የተወለደው በ1564 ዓ.ም ገደማ ነው። አባቱ አቤቶ ፋሲል የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበሩ፤ እናቱ ሐመልማል ወርቅ ይባላሉ። የንጉሥ ዘር ይሁን እንጂ ለዙፋን የታሰበ ልጅ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሀገሪቱ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ቁስል ገና አላገገመችም። የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴም ከደቡብ ወደ መካከለኛውና ወደ ሰሜኑ ክፍል እየሰፋ የነበረበት ወቅት ነው። ከዕለታት በአንዱ የቦረና ተዋጊዎች አባቱ የሚያስተዳድሩትን ምድር ወረሩ። አባቱ በውጊያው ወደቁ፤ ብላቴናው ሱስንዮስም ተማረከ።

ከዓመት በላይ በማረኩት ሰዎች መካከል ኖረ። ቋንቋቸውን ተማረ፣ የአደረጃጀታቸውንና የውጊያ ስልታቸውን በዓይኑ አየ። በኋላ ደጃዝማች አስቦ የተባሉት የጦር መሪ ዘምተው ልጁ ወደ ወገኖቹ ቢመለስም በምርኮ ያገኘው ትምህርት ግን ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ። ሲጎለምስ በጎጃም፣ በአማራና በሸዋ እየተዘዋወረ ሠራዊት ሰበሰበ። በሠራዊቱ ውስጥ የኦሮሞ ተዋጊዎች ከሌሎች ጎን ተሰልፈው ነበር። ከነገሡም በኋላ ከኦሮሞ ጎሣዎች አንዳንዶቹን አጋር አድርገው በጎጃምና በበጌምድር አስፍረዋል። ያደጉበትን ሕዝብ አንድ ጊዜ ተዋግተውታል፣ ሌላ ጊዜ ተወዳጅተውታል።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1590 ዓ.ም አካባቢ ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ የመኳንንት መጫወቻ ሆነ። ኃያላኑ ራስ አትናቴዎስና ዘሥላሴ አንዱን ንጉሥ ሲያነግሡ፣ ሌላውን ሲሽሩ ዓመታት አለፉ። ሕፃኑ ያዕቆብ ነገሠ፤ ቆይቶም ተሻረና በግዞት ተላከ። በእርሱ ፈንታ የነገሡት ዐፄ ዘድንግል በ1597 ዓ.ም በደምብያ ምድር ባርጫ ላይ በተደረገ ውጊያ ተገደሉ። ሱስንዮስም የመንገሥ መብት እንዳለው አውጆ ለፍልሚያ ተነሣ። ያዕቆብ ከግዞት ተመልሶ ዳግም ዘውድ ጫነ። ሁለት ነጋሾች ለአንድ ዙፋን ተፋጠጡ።

ነገሩ የለየለት በ1599 ዓ.ም በጎጃም ጎል በተባለ ስፍራ ነው። በዚያ ውጊያ ያዕቆብ ወደቀ፤ ከእርሱ ጎን የቆሙት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስም በጦር ሜዳው ሞቱ። ሱስንዮስ አሸናፊ ሆኑ። በአክሱም ጽዮን በጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ደፉ፤ ሥልጣን ሰገድ ተባሉ። ይሁን እንጂ ዘውድ መድፋት ሀገር ማረጋጋት አይደለም። ያዕቆብ አልሞተም የሚል ወሬ ተነዝቶ በትግራይ ስሙን የያዘ ሰው ተነሣ። በየአቅጣጫው የሸፈተ ገዥ፣ ግብር የከለከለ ባላባት ነበር። አዲሱ ንጉሥ የመጀመሪያ ዓመታታቸውን ያሳለፉት ከዘመቻ ወደ ዘመቻ በመሄድ ነው።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነው፤ ከተማው ሠራዊቱ የሰፈረበት ሜዳ ነው። በበጋ ይዘመታል፣ በክረምት አንድ ቦታ ይታረፋል። ብዙ ሺህ ሰው፣ ፈረስና በቅሎ አንድ ምድር ላይ ሲሰፍር የአካባቢው ደን ለማገዶና ለጎጆ ያልቃል፤ የገበሬው ጎተራም ይራቆታል። ከዚያ ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ምድር ላይ ያርፋል። ንጉሡ ሲመጡ ገበሬው ግብር ያገባል፣ ወታደር ይቀለባል፤ ንጉሡ ሲሄዱ ደግሞ የተራቆተ ማሳውን ይዞ ይቀራል።

ዐፄ ሱስንዮስ በመጀመሪያ ከጣና በስተምሥራቅ በቆጋ ከተሙ። ቆይተውም በ1600ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፊታቸውን ወደ ሰሜናዊው ዳርቻ ወደ ጎርጎራ አዞሩ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጎርጎራ ጀርባ የተዘረጋው የደምብያ ሜዳ ጥቁር አፈሩ እህል የሚያፍስ ነው። ከፊቷ ያለው ሐይቅ ዓሣና ውኃ ይሰጣል። ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባው መሬት በውኃ ስለታጠረ ለጥበቃ ይመቻል። ከሁሉም በላይ ጎርጎራ የውኃ መንገድ በር ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት፣ ወደ ደቅና ወደ ዘጌ፣ ወደ ጎጃም ጠረፍም መሻገር ይቻላል።

የመሻገሪያው መሣሪያ ታንኳ ነበር። የጣና ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በጥቅል በጥቅሉ ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳው ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሲያረጅ ይጣላል፣ ሌላ ይሠራል። በዚህ ሙያ ስማቸው የሚጠራው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። እህሉ፣ ማገዶው፣ የዘጌ ቡና፣ መነኩሴውና መልእክተኛው ሁሉ ሐይቁን የሚያቋርጡት በደንገል ላይ ተቀምጠው ነው። በጎርጎራ ከድንጋይ የተሠራው ቤተ መንግሥት የቆመው እንዲህ ያሉ ታንኳዎች በሚጠጉበት ዳርቻ ነበር።

የዚያ ቤት ሥራ ከአንድ እንግዳ ሰው ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ፔድሮ ፓኤዝ በስፔን ሀገር የተወለደ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የመጀመሪያ ሙከራውን ሲያደርግ በዐረብ ጠረፍ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆይቷል፤ የመርከብ ቀዛፊ ባሪያም ሆኖ ነበር። በቤዛ ተለቅቆ ወደ ሕንድ ከተመለሰ በኋላ ተስፋ አልቆረጠም። በ1595 ዓ.ም በምጽዋ በኩል ገባ። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ በጠባዩ ለዘብተኛ፣ በንግግሩ ጥንቁቅ ስለነበር በቤተ መንግሥት ተወደደ። ዐፄ ሱስንዮስ ለእርሱና ለባልንጀሮቹ በጎርጎራ መሬት ሰጡ።

ፓኤዝ በትምህርት ቤት የሠለጠነ የሕንፃ ባለሙያ አልነበረም። ንጉሡ በሀገሩ ስላሉት የነገሥታት ቤቶች ሲሰሙ እንዲህ ያለ ቤት በጎርጎራ እንዲሠራ ጠየቁት። እርሱም ለአካባቢው ሰዎች መዶሻ፣ መሮና መጥረቢያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብና እንደሚገጥም እያሳየ ከእነርሱ ጋር ሥራውን ጀመረ። አንጥረኛው ብረቱን ቀጠቀጠ፣ ጠራቢው ነጩን ድንጋይ አለሳለሰ፣ አናጢው ወራጁን አቆመ። ግንቡ ከፍ ብሎ በምድር ቤቱ ላይ ሌላ ክፍል ሲደረብ ሀገሬው ተደነቀ። የዚያ አካባቢ ሰው የሚያውቀው ክብ ጎጆና የንጉሥ ድንኳን ነው። ስለዚህ አዲሱን ሕንፃ ቤት በላይ ቤት እያሉ እንደ ጠሩት በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የጣናን ስፋት ማየት ይቻል ነበር።

እርግጥ ነው፣ የድንጋይ ግንባታ በኢትዮጵያ ከጎርጎራ አልጀመረም። የአክሱም ሐውልቶችና የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ከዚያ በብዙ ዘመናት ይቀድማሉ። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ እንፍራዝ የሚገኘው የጉዛራ ግንብም የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ እንደሆነ ይነገራል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተለየው ነገር ግንባታው የአንድ ጊዜ ሥራ ሳይሆን በተከታታይ የሚሠራበት ሙያ መሆኑ ነው። በ1613 ዓ.ም ገደማ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በሀገሪቱ እንዳለ አወቀ። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፣ በውኃ ይበረዳል፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ግንብን እንደ አንድ አካል ያያይዛል። ከዚያ በፊት በጭቃ ይያያዝ የነበረው ግንብ በኖራ መታሰር ሲጀምር ቅስትና ጉልላት፣ ድልድይና ማማ መሥራት ቀለለ።

ከዚያ በኋላ የንጉሡ ሥራ ተበራከተ። ከጎርጎራ ወደ ደጋው ወጥተው በደንቀዝ ሰፊ ቤተ መንግሥት አሠሩ። በአዘዞ ገነተ ኢየሱስን ከነአትክልት ስፍራው አቆሙ። በጎርጎራም ከመጀመሪያው ሰፈር ሌላ፣ የአካባቢው ሰው ዛሬ ማርያም ግምብ የሚለው ቤተ ክርስቲያንና የካህናት መኖሪያ ተገነባ። የውስጥ ግድግዳው በድንጋይ ላይ በተቀረጹ አበቦች ያጌጠ ነበር። ከሐይቁ በታች፣ ዓባይ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በሚወርድበት አካባቢ ደግሞ የአላታ ድልድይ በ1618 ዓ.ም ገደማ እንደ ተሠራ በዚያ ዘመን የነበሩ የውጭ ሀገር ጸሐፊዎች አስፍረዋል። የሀገሬው ትውፊት ድልድዩን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ይሰጠዋል። የማንም ይሁን የማን፣ ዓባይ በክረምት ሲሞላ በዋናና በታንኳ ከመሻገር ያለፈ አማራጭ ላልነበረው ገበሬና ነጋዴ ድልድዩ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ንጉሡና ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም ከሠራዊቱ ጋር በሰከላ አልፈው የግሽ ዓባይን ምንጭ ተመልክተዋል። ያ ምንጭ ለአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ የታወቀና የተከበረ ጸበል ነው። ለአውሮፓውያን ግን በዓይን ታይቶ የተጻፈበት ያኔ ነበር። ፓኤዝ ያየውን ሁሉ በፖርቱጋል ቋንቋ በጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አኖረው። መጽሐፉም ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሳይታተም በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታትሞ ወጥቷል።

የንጉሡ ከኢየሱሳውያን ጋር መቀራረብ በግንብ ሥራ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች፤ የባሕሩ በር ተዘግቷል። ንጉሡ ከፖርቱጋልና ከስፔን ንጉሥ የጦር ርዳታ ይመጣልኛል ብለው ተስፋ አደረጉ። በ1605 ዓ.ም መልእክተኞቻቸው በእናርያ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚወስድ የደቡብ መንገድ እንዲፈልጉ ቢልኩም ጉዞው ሳይሳካ ቀረ። የተጠበቀው ሠራዊት አልመጣም። የመጣው የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በመጀመሪያ የሊቃውንት ክርክር ነበር። ቆይቶ ወደ አዋጅ ተሸጋገረ። የንጉሡ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲገቡ ሌላው ወንድማቸው የማነ ክርስቶስ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጸኑ። አንድ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። በ1609 ዓ.ም የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ቆሙ። ሰዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ሁለቱም ሞቱ። በዙፋን ዘመናቸው ሁለት ጳጳሳት በጦር ሜዳ ሲወድቁ ያዩት ንጉሥ ከዚያ በኋላም አልተመለሱም። በ1614 ዓ.ም ካቶሊክ መሆናቸውን በአደባባይ ገለጹ። ፓኤዝ ግን የዘራውን ሳያጭድ በዚያው ዓመት በጎርጎራ በንዳድ ታምሞ ሞተ።

የፓኤዝን ቦታ የተኩት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም ገቡ። በቀጣዩ ዓመት በደንቀዝ በተደረገ ታላቅ ሥነ ሥርዓት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ቤተ ክርስቲያን ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። አዲሱ ፓትርያርክ እንደ ፓኤዝ ለዘብ የሚሉ አልነበሩም። ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናት እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ የጾምና የበዓል ሥርዓትም እንዲለወጥ ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ የደረሰው በቤተ መንግሥት ያሉ ሊቃውንትን ብቻ አይደለም። ዕለተ በዓሉን ጠብቆ የሚያርስ፣ ጾሙን ቆጥሮ የሚፈታ፣ ልጁን በአርባና በሰማንያ ቀኑ የሚያስጠምቅ ገበሬ ሁሉ ኑሮው ተነካ። አባቱና እናቱ የተቀበሩበት እምነት ከንቱ ነው የተባለ መሰለው።

የጣና ሐይቅ በዚያ ወቅት የንጉሡ መናገሻ ዳርቻ ብቻ ሳይሆን የተቃዋሚዎቻቸውም መሸሸጊያ ሆነ። መነኮሳት በታንኳ ወደ ደሴቶቹ ተሻገሩ፤ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በገዳማቱ ተሸሸጉ። ከተቃወሙት ሰዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው እናታችን ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። ባለቤታቸው ከንጉሡ የጦር አዛዦች አንዱ ነበር። እርሳቸው ግን የተመቸ ቤታቸውን ትተው መነኑ፤ በየምድሩ እየዞሩ ሕዝቡን በእምነቱ አጸኑ፤ በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቀረቡ፤ ተጋዙ። በመጨረሻም በ1635 ዓ.ም አርፈው በጣና ላይ በምትገኘው በሬማ ደሴት ተቀበሩ። ካረፉ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ የተጻፈው ገድላቸው የዚያን ዘመን መከራ በሴት ባሕታዊት ሕይወት ውስጥ የሚያሳይ ሰነድ ነው።

ዓመጹ እየሰፋ ሄደ። በ1621 ዓ.ም ላስታ መልክአ ክርስቶስን መሪ አድርጎ ተነሣ። አገውና በጌምድር ተነቃነቁ። ንጉሡ ቀደም ሲልም በስሜን በቤተ እስራኤል ላይ ከባድ ዘመቻ አካሂደው ብዙ ደም ፈስሷል። አሁን ደግሞ የሚወጉት ትናንት አብረዋቸው የዘመቱትን ነው። ሠራዊቱ ራሱ ልቡ ተከፍሎ ነበር። በንጉሡ ስም የሚዋጋው ወታደር በጦር ሜዳ ማዶ የሚያየው የአጎቱን ልጅ፣ የነፍስ አባቱን፣ የሀገሩን ሰው ነው።

በ1624 ዓ.ም ሰኔ ወር ወይና ደጋ ላይ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። ንጉሡ አሸነፉ። በሜዳው ላይ 8 ሺህ ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ አብዛኛው ከማሳው ተነሥቶ የመጣ፣ ጦርና ጎራዴ ከመያዙ በፊት ሞፈርና ቀንበር ይዞ የኖረ ገበሬ ነበር። በማግስቱ ልጃቸው ፋሲል አባታቸውን በሬሳው መካከል እንዳመላለሷቸው ታሪኩ ይተርካል። ከወደቁት መካከል የሌላ ሀገር ጠላት አልነበረም። እስላምም፣ አረማዊም፣ ቱርክም አልነበረም። ሁሉም የገዛ ሕዝባቸው ነበር። ድሉ ለንጉሡ ደስታን አላመጣም።

ከዚያች ቀን በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ሌላ ሰው ሆኑ። በሕመም ተዳክመው ነበር፤ ልባቸውም ተሰብሯል። ብዙ ቀን ሳይቆይ አዋጅ አስነገሩ። ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ፣ ካህናቱም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲገቡ ፈቀዱ። ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል አስረከቡ። አዋጁ ሲሰማ በየመንደሩ እልልታ ሆነ። ንጉሡ ራሳቸው ግን ከያዙት እምነት እንዳልወጡ ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል። ያም ሆነ ይህ፣ እርሳቸው የሚያምኑትን በሕዝቡ ላይ መጫን አቆሙ። በ1625 ዓ.ም መባቻ ዐረፉ፤ ባሠሩት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

በኢትዮጵያ የነገሥታት ታሪክ ውስጥ ዙፋን በሞት፣ በጦር ወይም በግዞት ይለቀቃል። በገዛ እጅ ሲለቀቅ ግን ብርቅ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ለ25 ዓመታት ያህል የታገሉለትን ሥልጣን የተዉት ተሸንፈው አይደለም፤ አሸንፈው ነው። ለአንዳንዶች ሀገሪቱን ወደ እሳት ያስገቡ ንጉሥ ናቸው፤ ለሌሎች እሳቱን ለማጥፋት ራሳቸውን የሰጡ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተዋል። የአንዱን ወገን ብቻ የሚያነሣ ሰው የንጉሡን ግማሽ ታሪክ ብቻ ይዟል።

ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከሀገር አስወጡ። የአባታቸውን የግንባታ ሙያ ግን አላስወጡም። በ1628 ዓ.ም ጎንደርን ሲቆረቁሩ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ የሠለጠነው ጠራቢ፣ ግንበኛና ኖራ አቃጣይ ሥራ ይዞ ጠበቃቸው። ክቡ ማማ፣ ቅስት መስኮቱ፣ በኖራ የተያያዘው ግንብና ወደ ሰገነት የሚያወጣው ደረጃ ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ወጣ። ዓለም በቅርስነት መዝግቦ የያዘው የፋሲል ግቢ የተወለደው በጎርጎራ ዳርቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጎንደር ግንቦች ቆመው ሲጎበኙ የእናታቸው የጎርጎራ ግንብ ግን ፈርሶ ሣር በቅሎበታል።

ጎርጎራ የንጉሥ ከተማነቷን ብታጣም የውኃ በርነቷን አላጣችም። በኢጣሊያ ወረራ ዓመታት ወደቧ ለሞተር ጀልባዎች ተመቻችቶ ተሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላም የባሕር ዳርና የጎርጎራ መስመር ለአሥርተ ዓመታት መንገደኛና ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እየቆመች የምትሄደው ጀልባ የመኪና መንገድ ላልደረሰለት የዳርቻ ነዋሪ ገበያውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ዘመድ መጠየቂያውም ናት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከታቀፉት ስፍራዎች አንዷ ሆና በዳርቻዋ የእንግዶች ማረፊያ ተገንብቷል። በከተማዋ ያለችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በግድግዳዋ ጥንታዊ ሥዕሎች ጎብኚ ትጠራለች።

ከከተማዋ በስተምዕራብ ርቆ የሚገኘው ማርያም ግምብ ግን ዕጣው ሌላ ነው። ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል። የዛፍ ሥር በግንቡ መካከል ገብቶ ድንጋዩን ያላቅቃል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ኖራው ይታጠባል። የማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በጎርጎራ፣ በአዘዞና በደንቀዝ ባካሄዱት ቁፋሮና ልኬት የሕንፃዎቹ ንድፍ፣ የግንባታቸው ደረጃና ሥራው የተሠራበት መንገድ ተመዝግቧል። ስለዚህ ስፍራው ምን እንደ ነበር ይታወቃል። በተቀረጹት አበቦች ላይ ግን ዝናብ መዝነቡን አላቆመም። የወደቀውን ድንጋይ ከስፍራው አለማንሣት፣ በግንቡ ላይ የሚበቅለውን ዛፍ በወቅቱ መቁረጥ፣ ከብት እንዳይገባ ማጠር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። የደምብያ ገበሬ የማሳውን ድንበር ለዘመናት ሲጠብቅ እንደ ኖረ የግንቡንም ድንበር መጠበቅ ያውቅበታል፤ ያ ጥበቃ ከባለሙያ እገዛ ጋር ከተጣመረ ቅርሱ ዕድሜ ያገኛል።

ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ሲያርፉ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም ሞተው አስከሬናቸው ሐይቁን ተሻግሮ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐርፏል። በባርጫ የተገደሉት የዐፄ ዘድንግል ዐፅምም በዚያው ደሴት ይገኛል። አባት በየብስ፣ ልጅ በደሴት ተኝተዋል። ከጎርጎራ ወደብ ተነሥታ ወደ ባሕር ዳር የምትወርደው ጀልባ በዳጋ አጠገብ ስታልፍ የአንድን ዘመን ሙሉ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታቋርጣለች።